የራውተር ሂደቶች

የራውተር ሂደቶች በአንድ የኔትወርክ ራውተር ውስጥ ጎን ለጎን እየሠሩ መሣሪያውን የሚመሩ፣ የሚያዋቅሩና ጤንነቱን የሚከታተሉ የሶፍትዌር ፕሮግራሞች ናቸው። ራውተር ከውጭ ሲታይ ገመድ የሚሰካበት ሣጥን ቢመስልም በውስጡ ፕሮሰሰር፣ ማህደረ ትውስታና ስርዓተ ክወና ያለው ኮምፒውተር ነው። በላዩ ላይም እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር በርካታ ሂደቶች ይሠራሉ። አንዱ ከጎረቤት ራውተሮች ጋር መረጃ ይለዋወጣል፤ ሌላው የሙቀት መጠንና የማቀዝቀዣ ማራገቢያ ይቆጣጠራል፤ ሌላው የአስተዳዳሪውን ትእዛዝ ይቀበላል፤ ሌላው ደግሞ የተከሰተውን ሁሉ በመዝገብ ያሰፍራል።

የእነዚህ ሂደቶች አሠራር አንድ መሠረታዊ ችግር አለበት። ራውተሩን የሚከታተለው ሶፍትዌር የሚሠራው በዚያው በሚከታተለው ራውተር ላይ ነው፤ የሚሰበስበውን መረጃም አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው በዚያው ራውተር በኩል ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሲታመም ሕመሙን የሚናገረው ሂደትም አብሮ ሊታመም ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በራውተር ሶፍትዌር ላይ ከታዩት ማሻሻያዎች ብዙዎቹ ይህን ችግር ለመቀነስ የተደረጉ ናቸው።

ሦስቱ የሥራ ክፍሎች

የራውተር ሥራ በተለምዶ በሦስት ክፍሎች ይመደባል።

የማስተላለፊያ ክፍል፦ የገባውን ፓኬት መድረሻ አድራሻ አይቶ በየትኛው መውጫ መላክ እንዳለበት ከሰንጠረዥ ፈልጎ ያስተላልፋል። በትልልቅ ራውተሮች ይህ ሥራ የሚከናወነው ለዚሁ ተብለው በተሠሩ ቺፖች ነው። አንድ ቺፕ በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፓኬቶችን ሊያስተናግድ ስለሚችል ሥራው ለተራ ፕሮሰሰር አይተውም። በቤት ውስጥ ባሉ ትንንሽ ራውተሮች ግን የስርዓተ ክወናው ከርነል ራሱ ይህን ሊሠራ ይችላል።

የቁጥጥር ክፍል፦ የማስተላለፊያ ሰንጠረዡ በምን እንደሚሞላ ይወስናል። ከሌሎች ራውተሮች ጋር የሚነጋገሩት የቢጂፒ፣ የኦኤስፒኤፍና የመሳሰሉት ፕሮቶኮሎች ሂደቶች እዚህ ይገኛሉ። የሚሠሩትም በራውተሩ ዋና ፕሮሰሰር ላይ ነው።

የአስተዳደር ክፍል፦ ሰውም ሆነ ሌላ ኮምፒውተር ራውተሩን የሚያዋቅርበትና የሚጠይቅበት ክፍል ነው። የትእዛዝ መስመሩ፣ የኤስኤንኤምፒ ወኪሉ፣ የመዝገብ አገልግሎቱና የይለፍ ቃል ማረጋገጫው በዚህ ሥር ይመደባሉ።

ክፍፍሉ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የማስተላለፊያ ክፍሉ ከሌሎቹ ተለይቶ ከተሠራ የቁጥጥር ሂደቶቹ ለጥቂት ጊዜ ቢቆሙ እንኳ ፓኬቶች በመጨረሻው በታወቀው ሰንጠረዥ መሠረት መተላለፋቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ራውተር ፓኬት እያስተላለፈ ለአስተዳዳሪው ግን መልስ የማይሰጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ራውተሩ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም፤ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል።

ዋና ዋና ሂደቶች

የሂደቶቹ ስም እንደ አምራቹ ቢለያይም በአብዛኞቹ ራውተሮች የሚከተሉት ዓይነቶች ይገኛሉ።

የመንገድ ፕሮቶኮል ሂደት፦ ከጎረቤቶች የመጡ የመንገድ መረጃዎችን ተቀብሎ ከመካከላቸው የተሻለውን ይመርጣል። በጁኒፐር ራውተሮች ይህን የሚሠራው «አርፒዲ» የተባለው ሂደት ነው። ኤፍአርአር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ግን እያንዳንዱ ፕሮቶኮል የራሱ ሂደት አለው፤ ለምሳሌ «ቢጂፒዲ» ለቢጂፒ፣ «ኦኤስፒኤፍዲ» ለኦኤስፒኤፍ።

የሰንጠረዥ አስተዳዳሪ፦ ከተለያዩ ፕሮቶኮሎች የመጡትን መንገዶች አወዳድሮ አሸናፊዎቹን ወደ ማስተላለፊያ ክፍሉ ያወርዳል። በኤፍአርአር ይህ ሥራ «ዜብራ» የተባለው ሂደት ነው።

የኢንተርፌስ ሂደት፦ ገመድ ሲሰካና ሲነቀል ይመለከታል፤ ለእያንዳንዱ ኢንተርፌስ አድራሻና ፍጥነት ይሰጣል፤ የመስመሩን መውደቅም ለሌሎቹ ሂደቶች ያሳውቃል።

የአካል ተቆጣጣሪ፦ የሙቀት መለኪያዎችን፣ ማራገቢያዎችን፣ የኃይል ምንጮችንና የተሰኩ ካርዶችን ይከታተላል። ሙቀት ሲጨምር ማራገቢያውን ያፈጥናል፤ ከአደገኛ ደረጃ ካለፈም ካርዱን ወይም መሣሪያውን ሊዘጋ ይችላል።

የአስተዳደር ሂደት፦ የትእዛዝ መስመሩን ያስተናግዳል፤ የተጻፈው ውቅረት ትክክል መሆኑን ይመረምራል፤ ለሚመለከታቸው ሂደቶችም ያከፋፍላል።

የሰዓት ሂደት፦ በኤንቲፒ ፕሮቶኮል የራውተሩን ሰዓት ያስተካክላል። ቀላል ሥራ ቢመስልም ሰዓታቸው ያልተስማማ ራውተሮች መዝገብ ሲነጻጸር የትኛው ብልሽት እንደቀደመ ማወቅ ያስቸግራል።

ከጎረቤት ጋር የሚደረገው ንግግር በራሱ የክትትል ዘዴ ነው። የኦኤስፒኤፍ ሂደት በብዙ ራውተሮች ላይ በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል፤ ከጎረቤቱ ለ40 ሰከንድ ምንም ካልሰማ ጎረቤቱ እንደጠፋ ይቆጥራል። ቢጂፒ ደግሞ በሲስኮ መሣሪያዎች ላይ ካልተለወጠ በቀር በየ60 ሰከንዱ «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካል፤ 180 ሰከንድ ዝምታ ሲያልፍ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ይህ ለዛሬ አገልግሎቶች እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ ቢኤፍዲ የተባለ ቀላል ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2010 ደረጃ ወጥቶለታል። በቢኤፍዲ ለምሳሌ በየ300 ሚሊሰከንዱ መልእክት ተልኮ ሦስት ተከታታይ መልእክቶች ከቀሩ ብልሽቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይታወቃል።

ታሪክ

የዛሬው ራውተር ቀዳሚ የሆነው አይኤምፒ የተባለው መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ኩባንያ ቢቢኤን ለአርፓኔት ኔትወርክ የሠራው ሲሆን የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተተከለ። የተመሠረተው በሃኒዌል ዲዲፒ-516 ኮምፒውተር ላይ ነበር። መሣሪያዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ተራርቀው ስለተቀመጡና በየቦታው ባለሙያ ማቆም ስለማይቻል፣ ቢቢኤን ከመነሻው ጀምሮ በርቀት እንዲከታተላቸው አድርጎ ነደፋቸው። እያንዳንዱ አይኤምፒ ስለ ራሱና ስለ መስመሮቹ ሁኔታ በየጊዜው ወደ ኩባንያው መቆጣጠሪያ ማእከል ሪፖርት ይልክ ነበር።

ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1984 በሊዮናርድ ቦሳክና በሳንዲ ለርነር ተመሠረተ። አይኦኤስ የተባለው ስርዓተ ክወናው ለረጅም ዓመታት በኢንተርኔት ላይ በስፋት ያገለገለ ነው። በጥንታዊው አይኦኤስ ሁሉም ሂደቶች አንድ ማህደረ ትውስታ ይጋራሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ግድግዳ የለም። ፕሮሰሰሩም የሚከፋፈለው በፈቃድ ነው፤ አንድ ሂደት ተራው ሲደርስ ሥራውን ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ሌላው ይጠብቃል። ይህ አሠራር ፈጣንና ለትንሽ ማህደረ ትውስታ የሚስማማ ቢሆንም ሁለት ድክመቶች ነበሩት። አንድ ሂደት የሌላውን ማህደረ ትውስታ ካበላሸ መላው ራውተር ወድቆ እንደገና ይነሳል። አንድ ሂደት ፕሮሰሰሩን ይዞ ከቆየ ደግሞ ሌሎቹ ይራባሉ፤ ስርዓቱም ይህንን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በመዝገብ ያሰፍራል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ጁኒፐር በ1998 ያወጣው ጁኖስ የተለየ መንገድ ተከተለ። ጁኖስ በፍሪቢኤስዲ ላይ የተገነባ በመሆኑ እያንዳንዱ ሂደት የራሱ የተጠበቀ ማህደረ ትውስታ ነበረው። አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ሳይነኩ እርሱ ብቻ እንደገና ይነሳል። ከዚህም በላይ የቁጥጥር ሥራው የሚከናወንበት ፕሮሰሰርና ፓኬት የሚተላለፍበት ክፍል በአካል ተለያዩ። ሲስኮም እ.ኤ.አ. በ2004 ከሲአርኤስ-1 ራውተር ጋር ባወጣው አይኦኤስ ኤክስአር ላይ ሂደቶቹን በመለያየት ኪውኤንኤክስ በተባለ አነስተኛ ከርነል ላይ አቆማቸው፤ በኋላም ወደ ሊኑክስ አሻገራቸው።

በነፃ ሶፍትዌር ዘርፍ ጃፓናዊው ኩኒሂሮ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ጂኤንዩ ዜብራ፣ እያንዳንዱን ፕሮቶኮል በተለየ ሂደት የማስኬድን ሐሳብ በስፋት አስተዋወቀ። ከእርሱ ኳጋ፣ ከኳጋ ደግሞ በ2017 ኤፍአርአር ተወለዱ።

ሂደቶችን የሚጠብቁ ሂደቶች

ማንኛውም ሶፍትዌር ሊሳሳት ስለሚችል ራውተሮች ሂደቶቻቸውን የሚጠብቁ ተጨማሪ ሂደቶች አሏቸው።

ዋናው ጠባቂ ሂደት የሌሎቹን መኖር ይከታተላል። አንዱ ሲሞት ያስነሳዋል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ከሞተ ግን ማስነሳቱን አቁሞ ለአስተዳዳሪው ያሳውቃል። ይህ ገደብ ባይኖር እየተነሳ የሚወድቅ ሂደት ፕሮሰሰሩን በከንቱ ያደክመዋል፤ ጎረቤቶቹንም በየጊዜው «መንገዱ መጣ፣ መንገዱ ሄደ» በሚል ወሬ ያናውጣቸዋል። በኤፍአርአር ይህን የሚሠራው «ዋችኤፍአርአር» ነው። የሂደቱን መኖር ብቻ አይመለከትም፤ ጥያቄ ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም አንድ ሂደት ሳይሞትም ደንዝዞ ሊቀመጥ ይችላል።

ታዲያ ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል? የዚህ መልስ ዋችዶግ የሚባለው የሃርድዌር ሰዓት ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ያለማቋረጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ጤናማ ሶፍትዌር ዜሮ ከመድረሱ በፊት በየጊዜው ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ሶፍትዌሩ ከደነዘዘ መላሽ ስለማይኖር ቆጣሪው ዜሮ ይደርስና መሣሪያውን በግድ እንደገና ያስነሳዋል። ይህ ዘዴ ከትልቁ የቴሌኮም ራውተር እስከ ትንሹ የቤት ራውተር ድረስ ያገለግላል።

ትልልቅ ራውተሮች ከዚህ በተጨማሪ ሁለት የቁጥጥር ካርዶች ይኖሯቸዋል፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ሁኔታውን እየተከተለ በተጠንቀቅ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለቢጂፒ ደረጃ የወጣለት «ረጋ ያለ ዳግም አነሳስ» ደግሞ ሂደቱ በሚነሳበት ጊዜ ጎረቤቶቹ መንገዶቹን ወዲያው እንዳይሰርዙ ያደርጋል።

ከውጭ የሚደረግ ክትትል

በራውተሩ ውስጥ ያለው ጥበቃ ብቻውን አይበቃም። አስተዳዳሪው ብዙ ራውተሮችን ከአንድ ቦታ ማየት አለበት።

ኤስኤንኤምፒ

ይህ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሲሆን ስሙ «ቀላል የኔትወርክ አስተዳደር ፕሮቶኮል» ማለት ነው። በራውተሩ ላይ ወኪል የተባለ ሂደት በዩዲፒ ፖርት 161 ጥያቄ ይጠብቃል፤ የክትትል ሰርቨሩም በየጊዜው ይጠይቀዋል። እያንዳንዱ መለኪያ በዛፍ መልክ የተደራጀ የቁጥር ስም አለው፤ ለምሳሌ ራውተሩ ከተነሳ ያለፈው ጊዜ በ1.3.6.1.2.1.1.3 ሥር ይገኛል። ወኪሉ ሳይጠየቅ አስቸኳይ ማስታወቂያ መላክ ሲፈልግ ደግሞ ወደ ፖርት 162 ይልካል።

ወኪሉ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቤት የውሃ ቆጣሪ እያደገ የሚሄድ ድምር ነው። ፍጥነቱን የሚያሰላው ጠያቂው ነው። ለምሳሌ የአንድ ኢንተርፌስ የገቢ ባይት ቆጣሪ በሁለት ንባቦች መካከል በ300 ሰከንድ ውስጥ በ1,125,000,000 ቢጨምር፣ በሰከንድ 3,750,000 ባይት ወይም 30 ሚሊዮን ቢት አልፏል ማለት ነው። መስመሩ የ100 ሜጋቢት ከሆነ አማካይ አጠቃቀሙ 30 በመቶ ነበር። ነገር ግን አማካይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ በመሃል ለ10 ሰከንድ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ ፓኬቶች ቢወድቁም በዚህ ስሌት አይታይም።

ቆጣሪዎቹ ወሰን አላቸው። ባለ32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሙሉ አቅሙ በሚሠራ የ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ይህ የሚሆነው በ34 ሰከንድ ገደማ ነው። በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቅ ሰርቨር ቆጣሪው በመሃል ስንት ጊዜ እንደዞረ ስለማያውቅ የተሳሳተ ስዕል ያገኛል። ስለዚህ ለፈጣን መስመሮች ባለ64 ቢት ቆጣሪዎች ይጠቀማሉ። የመነሻ ጊዜ ቆጣሪውም በመቶኛ ሰከንድ ስለሚቆጥር ከ497 ቀናት ገደማ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ራውተሩ ጠፍቶ የተነሳ ይመስለዋል።

የክንውን መዝገብ

ሲስሎግ በተባለው አሠራር እያንዳንዱ ሂደት የገጠመውን በአጭር ጽሑፍ ያሳውቃል። መልእክቶቹ ከ0 እስከ 7 የክብደት ደረጃ አላቸው፤ 0 ስርዓቱ ከጥቅም ውጭ መሆኑን፣ 7 ደግሞ ለስህተት ፍለጋ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር መሆኑን ያመለክታል። በብዙ ቦታ በዩዲፒ ፖርት 514 ወደ ሌላ ሰርቨር ይላካል። ወደ ውጭ መላኩ አስፈላጊ የሚሆነው በራውተሩ ማህደረ ትውስታ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ራውተሩ ሲወድቅ አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ነው።

የፍሰት መረጃና ቴሌሜትሪ

ቆጣሪ ምን ያህል እንዳለፈ እንጂ ማን ለማን እንደላከ አይናገርም። ለዚህ ኔትፍሎውና በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ደረጃ የወጣለት አይፒፊክስ ያገለግላሉ። ራውተሩ የምንጭና የመድረሻ አድራሻ፣ ፖርትና ፕሮቶኮል የሚጋሩትን ፓኬቶች እንደ አንድ ፍሰት ቆጥሮ ማጠቃለያውን ይልካል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ራውተሩ እስኪጠየቅ ሳይጠብቅ መለኪያዎቹን በየጥቂት ሰከንዱ ራሱ የሚልክበት ቴሌሜትሪ የተባለው ዘዴ ተስፋፍቷል። ይህ አሠራር የወኪሉን ሸክም ያቃልላል፤ በአምስት ደቂቃ አማካይ ውስጥ የተደበቁትን አጫጭር መጨናነቆችም ያሳያል።

የፕሮሰሰር አጠቃቀም ንባብ

ራውተር ሲዘገይ አስተዳዳሪው በመጀመሪያ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የሂደቶች ዝርዝር ነው። በሲስኮ አይኦኤስ «ሾው ፕሮሰስስ ሲፒዩ» የሚለው ትእዛዝ ባለፉት 5 ሰከንዶች፣ 1 ደቂቃና 5 ደቂቃዎች ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተያዘ ያሳያል። የ5 ሰከንዱ ንባብ በሁለት ቁጥሮች ይጻፋል። የመጀመሪያው አጠቃላይ አጠቃቀሙ ሲሆን ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ ፓኬት በማስተላለፍ ማቋረጫዎች የተያዘው ነው።

ልዩነቱ ለምርመራው አቅጣጫ ይሰጣል። ንባቡ «98 በመቶ፣ ከዚያ 90 በመቶ» ከሆነ ሸክሙ የመጣው ከሚያልፈው ትራፊክ ነው፤ መስመሩ ከመሣሪያው አቅም በላይ እየተጠቀመ ሊሆን ይችላል። «98 በመቶ፣ ከዚያ 5 በመቶ» ከሆነ ግን ሸክሙ የአንድ ወይም የብዙ ሂደቶች ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ይፈለጋል። የመንገድ ሂደቱ ከሆነ የሚነሳና የሚወድቅ ጎረቤት መኖሩ ይጣራል። የኤስኤንኤምፒ ወኪሉ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ራሱ ክትትሉ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰርቨሮች በየጊዜው ትልልቅ ሰንጠረዦችን ሲጠይቁ ወኪሉ ፕሮሰሰሩን ይሻማል።

ለአጭር ጊዜ 100 በመቶ መድረስ በራሱ ብልሽት አይደለም። ትልቅ የመንገድ ለውጥ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ኃይሉ ሠርቶ ቶሎ መጨረሱ ተገቢ ነው። የሚያሳስበው ለረጅም ጊዜ የቆየና ምክንያቱ ያልታወቀ ሸክም ነው።

ውቅረትን መለወጥ

ብዙ የኔትወርክ መቋረጦች የሚከሰቱት ሃርድዌር ተበላሽቶ ሳይሆን ውቅረት በሚለወጥበት ጊዜ ነው። በጥንታዊው የትእዛዝ መስመር አሠራር እያንዳንዱ መስመር እንደተጻፈ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። አስተዳዳሪው በርቀት ሆኖ ራሱ የገባበትን ኢንተርፌስ በስህተት ከዘጋ ስህተቱን ለማረም የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ጁኖስ ለዚህ መፍትሔ አበጀ። ለውጡ በመጀመሪያ በረቂቅ ይጻፋል፤ የአስተዳደር ሂደቱ በሙሉ ከመረመረው በኋላ በአንድ ጊዜ ይጸድቃል። ከዚህ በተጨማሪ «በማረጋገጫ ማጽደቅ» የሚባል ትእዛዝ አለ። አስተዳዳሪው ለውጡን ካጸደቀ በኋላ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ ካልተለወጠ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ በድጋሚ ካላረጋገጠ ራውተሩ ወደ ቀድሞው ውቅረት በራሱ ይመለሳል። በሩን በራሱ ላይ የዘጋ አስተዳዳሪ መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል። ተመሳሳይ አሠራር በሌሎች አምራቾችም ዘንድ አለ።

በሺህ የሚቆጠሩ ራውተሮችን በእጅ መቀየር ስለማይቻል እ.ኤ.አ. በ2006 ኔትኮንፍ የተባለው ፕሮቶኮል፣ በ2010 ደግሞ የውቅረቱን ቅርጽ የሚገልጸው ያንግ የተባለው ቋንቋ ደረጃ ወጣላቸው። በእነዚህ አማካይነት ፕሮግራም ራውተርን በማይሻማ ቋንቋ ያዛል። ይሁንና ማሽን ትክክለኛውን ለውጥ በፍጥነት እንደሚያዳርስ ሁሉ የተሳሳተውንም በዚያው ፍጥነት ያዳርሳል።

የታወቁ ብልሽቶች

አርፓኔት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1980

በዚህ ቀን መላው አርፓኔት ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። መነሻው አንድ የታመመ አይኤምፒ በማህደረ ትውስታው ውስጥ የአንዳንድ ቢቶችን ዋጋ መጣሉ ነበር። የሌላ አይኤምፒ የመንገድ ማስታወቂያ በእርሱ በኩል ሲያልፍ ተራ ቁጥሩ ተበላሸ፤ 44፣ 40 እና 8 የሚሉ ቁጥሮች የያዙ ሦስት ማስታወቂያዎች በኔትወርኩ ውስጥ አብረው ተገኙ። ተራ ቁጥሩ ባለ6 ቢት ሆኖ ከ63 በኋላ ወደ ዜሮ ስለሚዞር፣ 44 ከ40 አዲስ፣ 40 ከ8 አዲስ፣ 8 ደግሞ ከ44 አዲስ ሆነው ተቆጠሩ። እያንዳንዱ አይኤምፒ ሦስቱንም እየተቀበለ ያለማቋረጥ ለጎረቤቶቹ አሳለፈ።

ብልሽቱን ያከፋው የሂደቶች ቅድሚያ አሰጣጥ ነው። የመንገድ ማስታወቂያ ከሌሎች ሥራዎች በፊት እንዲስተናገድ ተደርጎ ስለነበር ፕሮሰሰሩ በእርሱ ብቻ ተያዘ፤ ዝቅ ያለ ቅድሚያ ያላቸው ሂደቶች ተራ አጡ። ባለሙያዎቹ ችግሩን የፈቱት ሁሉም አይኤምፒዎች ከዚያ አንድ አይኤምፒ የሚመጣውን ማስታወቂያ ለጊዜው ችላ እንዲሉ የሚያደርግ ማስተካከያ በመጫን ነው።

ፌስቡክ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021

በመደበኛ ጥገና ጊዜ የኔትወርኩን አቅም ለመገምገም የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማእከላት የሚያገናኙትን ዋና መስመሮች በሙሉ ቆረጠ። እንዲህ ያሉ ትእዛዞችን የሚመረምር መሣሪያ ቢኖርም በራሱ ስህተት ምክንያት ሳያስቆመው ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነው የክትትል ሂደቶች ትክክለኛ ሥራቸውን በመሥራታቸው የመጣ ነው። የኩባንያው ዲኤንኤስ ሰርቨሮች የመረጃ ማእከላቱን ማግኘት ሲያቅታቸው የራሳቸውን ግንኙነት ጤነኛ እንዳልሆነ ቆጥረው የቢጂፒ ማስታወቂያቸውን ሰረዙ። አንድ ሰርቨር ቢታመም ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያደርጉት ግን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ከኢንተርኔት ተሰወሩ።

መሐንዲሶቹ በርቀት ለመግባት አልቻሉም፤ ለድንገተኛ ጊዜ የተዘጋጀው የተለየ ኔትወርክም አልሠራም። ብልሽትን ለመመርመር የሚጠቀሙባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም በዲኤንኤሱ መጥፋት ምክንያት ተቋርጠው ነበር። ሰዎች በአካል ወደ ማእከላቱ መላክ ነበረባቸው። አገልግሎቱ የተመለሰው ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ሮጀርስ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022

የካናዳው የቴሌኮም ኩባንያ ሮጀርስ ኔትወርኩን ሲያሻሽል ከራውተሮች ላይ አንድ የመንገድ ማጣሪያ ተነሳ። ማጣሪያው ያግዳቸው የነበሩ እጅግ ብዙ መንገዶች ወደ ማእከላዊዎቹ ራውተሮች ጎረፉ። የራውተሮቹ ማህደረ ትውስታና ፕሮሰሰር ከአቅም በላይ ሆኖባቸው በደቂቃዎች ውስጥ ወደቁ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ለ26 ሰዓታት ገደማ ተቸገሩ፤ ብዙዎች ወደ 911 የአደጋ ጊዜ ስልክ መደወል አልቻሉም፤ ኢንተራክ የተባለው የክፍያ አገልግሎትም ተቋረጠ። የአስተዳደር ኔትወርኩ በወደቀው ማእከላዊ ኔትወርክ ላይ የተደገፈ ስለነበር ሠራተኞቹ የራውተሮቹን መዝገብ አይተው ምክንያቱን ለመለየት ብዙ ሰዓታት ፈጀባቸው።

ሦስቱ ብልሽቶች በመነሻቸው ይለያያሉ። በመጀመሪያው የመንገድ ሥራው ፕሮሰሰሩን ይዞ ሌሎቹን ሂደቶች አስራበ፤ በኋለኞቹ ሁለት ደግሞ ክትትሉና ጥገናው በወደቀው ኔትወርክ ላይ ተደግፈው ስለነበር አብረው ወደቁ።

ከዚህ የወጡ አሠራሮች

የተለየ የአስተዳደር ኔትወርክ፦ ወደ ራውተሮቹ ኮንሶል ፖርት የሚያደርስ፣ ከዋናው ኔትወርክ ጋር መስመርም ራውተርም የማይጋራ መንገድ ይዘጋጃል። ብዙ ጊዜ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ መስመር ወይም የሞባይል ግንኙነት ለዚህ ያገለግላል።

የፕሮሰሰር ጥበቃ፦ ወደ ራውተሩ ራሱ የሚመጡ ፓኬቶች በዓይነታቸው ተለይተው ለእያንዳንዱ የፍጥነት ገደብ ይደረጋል። ስለዚህ የአንዱ ጎርፍ የሌላውን ሂደት ተራ አይወስድም።

የመንገድ ብዛት ገደብ፦ ከአንድ ጎረቤት የሚመጡ መንገዶች ከተወሰነ ቁጥር ካለፉ ራውተሩ ያስጠነቅቃል ወይም ግንኙነቱን ይቆርጣል።

ደረጃ በደረጃ መለወጥ፦ አዲስ ውቅረት በመጀመሪያ በጥቂት ራውተሮች ላይ ተሞክሮ፣ ክትትሉ ጤንነታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ወደሌሎቹ ይሄዳል።

ደህንነት

የአስተዳደር ሂደቶች ለባለቤቱ የተከፈቱ በሮች ስለሆኑ ለአጥቂም ኢላማ ናቸው። ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሰውር ስለሚልክ በኤስኤስኤች ተተክቷል። የኤስኤንኤምፒ የመጀመሪያዎቹ ስሪቶችም «ፐብሊክ» በመሰለ ግልጽ ቃል ብቻ ይጠበቁ ነበር፤ ምስጠራና ማረጋገጫ ያለው ስሪት 3 እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ ደረጃ አገኘ። በ2016 የታየው ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በቴልኔት እየገባ ተቆጣጥሯል። በ2018 ይፋ የሆነው ቪፒኤን ፊልተር ደግሞ ቢያንስ በ54 አገሮች ውስጥ ቢያንስ 500,000 የቤትና የአነስተኛ ቢሮ መሣሪያዎችን እንደበከለ የደህንነት ተመራማሪዎች ገልጸዋል። የመጀመሪያው ክፍሉ መሣሪያው ጠፍቶ ቢነሳም ይቀር ነበር።

በቤት ራውተር ላይ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በትንሽ መጠን በቤት ራውተር ላይም አለ። ሊንክሲስ የደብልዩአርቲ54ጂ ራውተሩን የሊኑክስ ምንጭ ኮድ ይፋ ማድረጉን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንደብልዩአርቲ፣ ተማሪዎች እነዚህን ሂደቶች በዓይናቸው እንዲያዩ ዕድል ሰጥቷል። በኦፕንደብልዩአርቲ ላይ «ፕሮክዲ» ሌሎቹን ሂደቶች ያስነሳል፤ የሃርድዌሩንም ዋችዶግ ይመልሳል። «ኔትአይኤፍዲ» ኢንተርፌሶችን ያስተዳድራል። «ዲኤንኤስማስክ» ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች አድራሻ ያድላል፤ የዲኤንኤስ ጥያቄንም ይመልሳል። «ሆስትኤፒዲ» የዋይፋይ ግንኙነትን፣ «ድሮፕቤር» ደግሞ የኤስኤስኤች መግቢያን ያስተናግዳሉ።

ዋይፋዩ እየሠራ ድረ ገጽ አልከፍት ሲል፣ ወይም ኢንተርኔቱ እየሠራ የራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ መልስ ሲያጣ፣ ከእነዚህ ሂደቶች አንዱ ቆሞ ሌሎቹ እየሠሩ ሊሆን ይችላል። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ የሚረዳው ሂደቶቹ ሁሉ ከመነሻቸው ስለሚጀምሩ ነው። ሆኖም በማህደረ ትውስታው የነበረው መዝገብ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከማጥፋቱ በፊት መዝገቡን ማንበብ አለበት።